የመያዣዋ ላም

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ሚያዝያ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ አባት፣ ለመምህር ዋቅወያ ነገራ
ቢላ

እንደምን ሰንብተሃል? መንገዱስ እንዴት አደረገህ? አዲሶቹ ተማሪዎችህ ትምህርቱን እሺ አሉህ ወይስ እንደ እኔ እያንዳንዱን ነገር «ለምን?» ይሉሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ወረድ ስትል እውነቱን ታገኘዋለህ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ቤቱን እንዳልከኝ አሰናድቻለሁ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭቃ መርጌ፣ ወለሉን በእበት ለቅልቄ፣ ጓሮውን ጠርጌ ወደ አከራያችን ወደ ኦቦ ጆቴ ሄድኩ። እጅ ነስቼ፣ «አባቴ፣ ባለቤቴ ወደ ቢላ ተዛውሯል፤ እኔም ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋብኝ ልከተለው ነውና መያዣችንን ይመልሱልን» አልኳቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ዳለቲ እኮ ጉቶ ጊዳ መስክ ላይ ከከብቶቼ ጋር ሣሯን እየጋጠች ነው» አሉኝ። እርጎም አስቀረቡልኝ። ከራሴ ላም የታለበውን እርጎ በእንግድነት ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ።

አንተ ረስተኸው እንዳይሆን ላስታውስህ። ቤቱን ስንከራይ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። አባቴ በሠርጌ ቀን የሰጠኝን ዳለቲን ነው ያስያዝነው። ወተቷን እሳቸው ሊጠጡ፣ ቤቱን ስንለቅ ግን እሷ ከነጥጃዋ ልትመለስልን። ምስክር እንጥራ ስልህ፣ «የአባቴን ወዳጅ ምስክር አቁምልኝ ልበለው? ነውር ነው» አልከኝ። እኔም ጨዋ ሴት ልባል ብዬ ዝም አልኩ። ጨዋነት ወተት የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ።

ስለ ቀለሟ ጠይቀሃል። ከዚያ ትኩሳት ወዲህ ጡቴ እንደ ደረቀ ታውቃለህ። ሁዳዴ ሳለ ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ የላማቸውን ወተት ይሰጡን ነበር፤ የጎጃም ሰው ጾም አያፈርስም፣ ቤታቸው ውስጥ የሚጠጣው አልነበረም። ፋሲካ ሲገባ ጿሚዎቹ እኛ ሆንን። በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕና ዓርብ እንኳ የለም። ሴትየዋ ሲያዩኝ ያፍራሉ፤ ግን እሳቸውም የሚጠጡ ልጆች አሏቸው። ከገበያ የምገዛው ደግሞ ውሃ ነው፤ ወተት አይቶት ያለፈ ውሃ።

አንተም ቢላ ውስጥ ወተት መሸጥ ነውር ነው፣ የሚሸጥ አይገኝም ብለህ ጽፈሃል። እንግዲህ ያለ ዳለቲ ልጅቷን ይዤ ብመጣ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ። እኔም አውቀዋለሁ። አልጽፈውም።

ይህን የሚያደርሱልህ ነጋዴው አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው። መልስህን ለእሳቸው ስጥልኝ።

ያንተዋ ድርቤ

*

ቢላ
ሚያዝያ 21 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ እናት፣ ለወይዘሮ ድርቤ

የጌታችን ሰላም ይብዛላችሁ። ለዘገየሁበት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ደመወዜ ታስቢ ይሆናል። የዝውውሩ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል ይሉኛል፤ እስኪነቃ ድረስ በዱቤ እበላለሁ። ስለ መኝታዬም አትጨነቂ፤ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ደረቅ ነው፣ ጣራው የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ለምን ዳኛ ዘንድ አንሄድም ትይ ይሆናል። ምስክር የለንም፣ ወረቀት የለንም። ክስ የጀመረ ሰው ፍርዱን የሚሰማለት የልጅ ልጁ ነው። ደግሞም ኦቦ ጆቴ አባቴ የሞተ ዕለት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙ ሰው ናቸው። እኒህን ሰው በፍርድ ቤት ስም አስጠርቼ በየትኛው ዓይኔ ነቀምቴ እገባለሁ? በእርጋታ ለምኛቸው። የለመነ አያጣም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ላሚቱን ሳትረከቢ የቤቱን ቁልፍ እንዳትሰጪ። ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው ወይ? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ይህን አረጋግጪልኝ። ቀለሟን ሳሚልኝ።

ዋቅወያ ነገራ

*

ነቀምቴ
ግንቦት 1 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ አባት

ሰላምታዬ ይድረስህ። ወይዘሮ ብርቄም፣ ባለቤታቸው አቶ በላይም እንደምን ነህ ይሉሃል።

በእርጋታ ለምኚ ባልከኝ መሠረት ለመንኩ። መጀመሪያ ስሄድ ኦቦ ጆቴ ቤቱን ካላየሁ አሉ። መጡና የበሩ ማጠፊያ ላልቷል አሉኝ። አሠራሁት። ሁለተኛ ስሄድ ምድጃው ግድግዳውን አጥቁሮታል አሉ። በነጭ አፈር ቀባሁት። ቀጥሎ ደግሞ አንተ ደጃፉ ላይ የተከልከውን ባሕር ዛፍ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይህ ዛፍ የጉድጓዱን ውሃ መጥጦታል፣ ልጄ፤ ይህ ከባድ ጥፋት ነው» አሉኝ። ዛፉ ገና ወገቤ አይደርስም! ይህ ዛፍ ውሃ ጠጥቶ የት ነው ያስቀመጠው? በአፋችን፣ በኦሮሞ ቋንቋ እየጻፍኩልህ ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት በእጅህ ላይ ይቃጠል ነበር፤ በአማርኛ ስጽፍ ትንሽ ጨዋ ሰው እሆናለሁ።

ደግሞ ክፋታቸው በቁጣ አይደለም። ቢቆጡኝ እቆጣ ነበር። በየጊዜው «ኢንተላ ኮ» ብለው፣ ትከሻዬን ዳብሰው፣ የቀለሟን ጉንጭ ቆንጥጠው ነው ባዶ እጄን የሚመልሱኝ። ሰፈሩም ይሰማል፤ «እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ፣ ታድለሽ!» ይለኛል።

ቀለሟ ጥርስ አውጥታለች። ቀለል ብላለች ወይ ብትለኝ፣ አዎ ቀለል ብላለች። ጀርባዬ ላይ መኖሯን ለማወቅ አንዳንዴ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እዳብሳታለሁ።

የቁልፉን ነገር በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ወረቀቱ አጠረኝ።

ድርቤ

*

ነቀምቴ
ግንቦት 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለዋቅወያ

ሰላምታ የምደረድርበት አንጀት የለኝም።

ጆቴ ዛሬ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ዳለቲን ሊሰጠኝ መስሎኝ ቀለሟን አዝዬ፣ ገመድ ይዤ ሮጥኩ። ገመድ! ደጁ ላይ የደረቀ ቆዳ ተዘርግቷል። «ኢንተላ ኮ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ዳለቲ በበሽታ ሞተችብን» አለኝ። ቆዳውን ጠቅልሎ አሸከመኝ። የአገሩን ሕግ አንተም ታውቃለህ፤ በሰው እጅ ያለች ላም ብትሞት ጠባቂው ቆዳዋን ለባለቤቷ ያሳያል፣ ቆዳ ያሳየ ሰው ዕዳ የለበትም።

በገመዱ ቆዳውን አስሬ ተመለስኩ። ምን ላድርግ? ንገረኝ። አንተ ነህ የተማርከው።

ድርቤ

*

ቢላ
ግንቦት 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ እናት

ጣቴን ብጉንጅ ይዞኝ ብዕር መጨበጥ ስላልቻልኩ ይህን እኔ እየነገርኩት የሚጽፍልኝ የሥራ ባልደረባዬ መምህር ነመራ ነው። የእጁ ጽሕፈት ቢለወጥብሽ አትደንግጪ።

በሐዘንሽ አዝኛለሁ። ነገር ግን ሽማግሌውን «ጆቴ አለኝ፣ ጆቴ አስጠራኝ» ብለሽ መጻፍሽ ቅር አሰኝቶኛል። እስከ ትናንት አንቱ ያልነውን ሰው ላም ሞተች ብለን አንተ አንለውም። ሞት የእግዚአብሔር ነው። ዳለቲን እንዳልነበረች ቁጠሪያት።

ስለ ልጅቱ ያሰብኩት ይህ ነው። ቀለሟን ለእናትሽ ትተሽ አንቺ ነይ። ክረምቱ ሲወጣ እናመጣታለን። በዚያ ላይ ቤቱን በከንቱ አትጠብቂ።

ከተቻለሽ ወፍራሙን ጋቢ በአቶ ገብረክርስቶስ ላኪልኝ። እዚህ ብርድ ነው።

ዋቅወያ ነገራ
(በነመራ እጅ)

*

ነቀምቴ
ግንቦት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ አባት

መምህር ነመራ፣ ይህን ከፍ ባለ ድምፅ ያንብቡለት። ተኝቶ እንደሆነም ቀስቅሰው ያንብቡለት።

ጣቱን ያመመው ሰው ወፍራም ጋቢ አያስልክም። በግንቦት ብርድ ነው ትለኛለህ? አቶ ገብረክርስቶስን አምላካቸውን ጠርቼ ጠየቅኋቸው፤ መዋሸት አልቻሉም። ንዳድ ነው የያዘህ። እየተንቀጠቀጥክ ስትኖር እኔ እዚህ ስለ በር ማጠፊያ እጽፍልሃለሁ። ጋቢውን ልኬልሃለሁ፤ ኪኒንም አብሬ ቋጥሬያለሁ። በምን እንደገዛሁት አትጠይቀኝ።

አንተ ከደበቅከኝ እኔም የደበቅኩህን ልንገርህ። ቁልፉ እጄ ላይ የለም። ያንተ አደራ ሳይደርሰኝ፣ መጀመሪያ እርጎ የጋበዙኝ ዕለት፣ «ቁልፉን እዚህ ተይው፤ በአባትና በልጅ መካከል ቁልፍ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። አፈርኩና ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሌላ ተከራይ ገባበት። ማጠፊያውን ያሠራሁት፣ ግድግዳውን የቀባሁት ሰው ለሚኖርበት ቤት ነው። እኔና ቀለሟ የምናድረው ወይዘሮ ብርቄ ማድቤት ውስጥ ነው። አንተ በምስክር አፈርክ፣ እኔ በቁልፍ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን በምንም አላፈሩም።

ቀለሟን ለእናትሽ ስጪ ያልከኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ቤት አንዲት ፍየል እንኳ እንደሌለች ረሳኸው? ወይስ ስትሞት እንዳላያት ነው? ይህን ያናገረህ ንዳዱ ነው ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ልጅቷ አሁን አታለቅስም። ድሮ ስታለቅስ እናደድ ነበር፤ አሁን እንድታለቅስ ጉንጯን ነካ ነካ አደርጋታለሁ። ወይዘሮ ብርቄ «የሰኔ ጾም ሊገባ ነው፣ አይዞሽ» ይሉኛል፤ ግን ላማቸው ነጥፋለች። አሁን ጾሙ ቢገባ ምን አለው?

አሁን ዋናውን ስማ። ቆዳው የዳለቲ አይደለም። መልኩ አንድ ነው፤ አመድማ ነው። ነገር ግን ዳለቲ ጥጃ ሳለች ታማ አባቴ በጋለ ብረት ቀኝ ጎኗን ተኩሷታል። ጠባሳው መዳፍ ያህላል፤ ሳልባት ግንባሬን የማሳርፍበት እሱ ላይ ነበር። ቆዳውን መሬት ዘርግቼ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ጠባሳ የለም። ዳለቲ አልሞተችም፣ ዋቅወያ። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ጉቶ ጊዳ ላይ አንድ ሰው እያለባት ነው።

ሄጄ ነገርኳቸው። «ጠባሳ እኮ ይጠፋል፣ ልጄ፤ ካላመንሽ በሽማግሌ ፊት እምላለሁ» አሉኝ። የሰፈራችንን ታላቅ ኦቦ ባቻን ለምኜ ሽማግሌ እንዲሰበሰብ ቀን ተቆርጧል። ከማሉ ነገሩ ያበቃል፤ የማለን ሰው ዳግመኛ ብጠይቅ ነውረኛዋ እኔ እሆናለሁ። ምስክሬ አፍ የሌለው ቆዳ ነው። ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

ጸልይልኝ። ኪኒኑንም ዋጥ።

ድርቤ

*

ቢላ
ግንቦት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ድርቤ ሆይ፣

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንቀጠቀጥ እኔ ነኝ። አዎ፣ ንዳድ ነው። ክፍል ውስጥ ወድቄ ተማሪዎቹ ናቸው አንስተው ያስተኙኝ። እንዳትመጪብኝ ብዬ ደበቅኩሽ።

ስለ ቀለሟ የጻፍኩት ሁሉ ይቅር በይኝ። ነመራ ሲያነብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ለእኔ ክብር ብለሽ የምትተዪው ነገር አይኑር። እንዳየሽ አድርጊ። ልጄን ብቻ አምጪልኝ።

ዋቅወያ

*

ነቀምቴ
ሰኔ 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀለሟ አባት

እንደምን አለህ? ንዳዱ ለቀቀህ? ደብዳቤህ ሽማግሌው በተሰበሰበበት ማለዳ ነው የደረሰኝ። ጡቴ ሥር ሸጉጬው ነው የሄድኩት።

ምን ሆነ ብለህ ከመሞትህ በፊት ልንገርህ። ቀለሟ ጠጥታለች። ጠጥታ፣ ጠግባ፣ ልብሴ ላይ አስታውካ ተኝታለች። አሁን ቀስ ብለህ አንብብ።

የተሰበሰብነው ኦቦ ጆቴ ደጅ፣ ዋንዛው ሥር ነው። ሰፈሩ በሙሉ መጥቷል። ኦቦ ባቻ ቆዳውን መሐል አስዘረጉት። እኔ ተናገርኩ፣ የጠባሳውን ነገር ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ቆዳውን አገላብጠው አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን የትኛው ነው ተነስቶ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ዋሸ የሚለው? «ምስክር አለሽ?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። «እንግዲያው ይማሉ» ተባለ። ቆዳው ላይ ቆመው ሊምሉ ነው።

ኦቦ ጆቴ ተነሱ። ጫማቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ እግራቸውን አየሁት፤ ቆዳው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፣ አልረገጠም። ከንፈራቸው ደርቋል። ዋቅወያ፣ ሰውየው ፈርተዋል። የሐሰት መሐላ ልጅን፣ የልጅን ልጅ እንደሚከተል እሳቸውም ከእኛ እኩል ያውቃሉ። ግን ሰው ሁሉ እያየ ወደ ኋላ መመለሻ የላቸውም። ሊረግጡት ነው። ከረገጡት እሳቸውም ጠፉ፣ የእኔም ላም ሞተች፣ ልጄም።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ዘልዬ ተነሳሁና እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «አባቴን አታስምሉብኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ክሴን ትቻለሁ» አልኩ። «ነቀምቴ ከመጣሁ ጀምሮ ኦቦ ጆቴ እኔን ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ሳይሉ የጠሩበት ቀን የለም፤ ሰፈሩ ምስክሬ ነው። እኔ አባቴ ሞቶብኛል። ዛሬ በሽማግሌ ፊት እሺ እላለሁ፤ አባቴ ናቸው። ልጅ አባቷን ቆዳ ላይ አቁማ አታስምልም። አሁን ግን ልጃቸው፣ ቀለሟን አዝላ፣ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ባሏ ልትሄድ ነው። አባቶቼ፣ ልጅ ከአባቷ ቤት ስትሸኝ በአገራችን እንዴት ነው የምትሸኘው?»

ኦቦ ባቻ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ያዘለች ልጅ በምትታለብ ላም ትሸኛለች። ይህን የማያውቅ አለ?» አሉ። የለም ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወይዘሮ ብርቄ ከሁሉ ቀድመው ነው እልል ያሉት፤ የጎጃም እልልታ እኮ ተራራ ያሻግራል።

ኦቦ ጆቴ እግራቸውን ከቆዳው አሸሹ። ከሞት የተረፉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ኩራታቸው ተመለሰ፤ ቀና ብለው እረኛቸውን፣ ያን ጎልማሳ ሰውዬ ጠሩና፣ «ለመምህሩ ሚስት ላም ነድተህ አምጣ፤ ወደ ቢላ የምትሄድ» አሉት። እረኛው የቆዳውን ነገር የነገረው የለም። የመምህሩ ሚስት ላም ሲባል የሚያውቃት አንዲት ላም ነች። ሄዶ አመጣት።

ዳለቲን፣ ከነጥጃዋ።

መንገድ ላይ ብቅ አለች። ጠባሳው ቀኝ ጎኗ ላይ ፀሐይ አርፎበት ይታያል። ሽማግሌዎቹ አዩት። ሰፈሩ አየው። ኦቦ ባቻ ወደ ዋንዛው ቅጠል አንጋጠጡ። አንድ ሰው ትንፍሽ ቢል ሰውየው አለቀላቸው፣ እኔም አባት የለኝም፣ ላሟም እንደገና የክርክር ላም ትሆናለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ኦቦ ጆቴም፣ «ይቺ ከመንጋዬ ምርጧ ናት፤ ውሰጃት፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። የራሴን ላም ስለሰጡኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ዋቅወያ። «ጋላቶማ፣ አባቴ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሕዝቡ «ደግ ሰው! ለባዳ ልጅ እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ?» እያለ መረቃቸው። እሳቸውም ቀለሟን ተቀብለው ግንባሯ ላይ እንትፍ ብለው መረቁልኝ። ያን ቆዳ አንድ ሰው ጠቅልሎ አነሳው፤ የት እንዳደረሰው አላውቅም።

ከዚያ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ አለብኳት። ግንባሬን ጠባሳው ላይ አሳርፌ አለቀስኩ፤ እጄ ግን አላቆመም። ቀለሟ መጀመሪያ አፏን አልከፈተችም። በጣቴ አስላስኳት። ደግሜ አስላስኳት። በኋላ ጣቴን ነከሰችኝ፣ በዚያች በአዲሷ ጥርሷ። እንዲህ ደስ የሚል ሕመም አይቼ አላውቅም።

ንዴቴ ሄዷል ብለህ እንዳታስብ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አባቴን ሳስብ አደርኩ። በሠርጌ ቀን የዳለቲን ገመድ እጄ ላይ ሲያስይዘኝ፣ «ይህን ያለ እኔ የሚሰጥሽ የለም» ብሎኝ ነበር። አሁን ሌላ ሰው ሰጥቷታል ተብሎ በሽማግሌ ተመርቋል። የአባቴን ቦታ ለሌባ ሰጥቼ ነው ላሜን ያስመለስኩት። ብመለስም ያንኑ አደርገዋለሁ። አባቴም ቀለሟን ቢያያት አድርጊው ይለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይለኝ ነበር፣ አይደል?

መኪና ላም አይጭንምና በእግራችን ነው የምንመጣው። አቶ በላይ እስከ መንገዱ እኩሌታ ይሸኙናል። የአቶ ገብረክርስቶስ በቅሎዎች ስለሚቀድሙን ይህ ደብዳቤ አስቀድሞ ይደርስሃል። ዝናቡ ጀምሯል፣ መንገዱ ግን ገና ያሳልፋል። መጋዘኑ ውስጥ ጣራው የማያፈስበትን ጎን ለዳለቲ አስለቅቅላት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኦቦ ጆቴ ሲሸኙኝ፣ ሰው እየሰማ፣ «ለመስቀል መጥቼ የልጅ ልጄን አያታለሁ» ብለዋል። ደግሞ ይመጣሉ፤ እንዲህ ያለውን አይቀሩም። እንግዲህ አማትህ ናቸውና እስከ በሩ ወጥተህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ ተቀበላቸው። አንቱ በላቸው፤ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። ከፍ ያለውን ወንበር እንሰጣቸዋለን። ወተቱን ከዳለቲ አልቤ በትልቁ ዋንጫ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ።

እፊታቸው ቆሜ፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ አያቸዋለሁ።

ያንተዋ ድርቤ